ለሽምግልና የተጫነ ውሃ

እኔ መኪና መንዳት አልችልም። አስቀድሜ ልናገርና ይውጣልኝ፤ ምክንያቱም ሰፈርተኛው እስከ ዛሬ «የሦስት መኪና አዛዥ» እያለ ይስቅብኛል። ነርስ ነኝ። ከጎጃም ተመድቤ ጭሮ ስመጣ ትንሽ ሠርቼ እመለሳለሁ ብዬ ነበር፤ ይኸው ልጆቼ እርስ በርስ ሲጣሉ የሚሰዳደቡት በኦሮምኛ ነው። ከሚኤሶ ወዲያ ያለውን በረሃ ለክትባት ሥራ ስንቴ ወርጄበታለሁ። ስለዚህ እዚያ ማን እንደሚቸገርና በምን እንደሚቸገር አውቃለሁ።

ጎረቤቴ መምህር ነው፤ የበደሳ ልጅ። ሊያገባት የሚፈልጋት ልጅ ጭሮ ስትማር የተዋወቃት ናት። አባቷ በረሃው ውስጥ ግመል ያረባሉ። በወጉ መሠረት ሽማግሌ መላክ አለበት፤ ላከም። ሁለት ጊዜ ላከ፣ ሁለቱንም ጊዜ ሽማግሌዎቹ ሳይደርሱ ተመለሱ። በመጀመሪያው አንዷ መኪና አሸዋ ውስጥ ተቀበረችና አካፋ የያዘ ሰው ጠፋ። በሁለተኛው የፊተኛው ሹፌር አቧራውን አስነስቶ ሲፈተለክ፣ የኋለኞቹ መንገድ ስተው ሲዞሩ ዋሉ። አባትየው ሁለቱንም ጊዜ ደግሰው ጠብቀው በጎረቤት ፊት አፈሩ። ልጃቸውን፣ «ለሦስተኛ ጊዜ ከቀሩ የዚያን ልጅ ስም እንዳታነሺብኝ» አሏት። እሷም ለመምህሩ ደወለችለት። «ከአባቴ ጋር አንድ ቤት ሆነን አንነጋገርም። ሳቅ ረስቻለሁ። አሁንም ከቀራችሁ በቃ» ብላ ዘጋችበት።

በነጋታው እኔ ቤት መጣ። ዓይኑ ቀልቷል።

«ሲስተር፣ በፈጠረሽ፣ አንቺ ምሪን።»

ይህን ፊት እያየሁ እንዴት እምቢ ልበል? እሺ አልኩት፤ ግን በእኔ ሕግ።

እሑድ ጠዋት ሁለት ላንድክሩዘርና አንድ ያረጀ ፒካፕ ደጃፌ ሲቆሙ ማንም እንዲሳፈር አልፈቀድኩም። አካፋ የታለ? መጎተቻ ገመድስ? ክሪኩ አሸዋ ላይ እንዳይሰምጥ ከሥሩ የምናደርገው ጣውላስ? ከሹፌሮቹ አንዱ ስኮርታ ጎማው ንፋስ እንደሌለው እያወቀ ዝም ብሎ ነበር፤ ጎሚስታ ጋ ሮጦ አስሞልቶ እስኪመጣ ሁላችንም ቆመን ጠበቅነው። ከዚያ ሕጉን አወጅኩ። የፊተኛው መኪና የኋለኛውን በስፖኪዮ ካላየ ይቆማል። መንገድ ሲከፈል ሁሉም ሳይደርስ የሚታጠፍ የለም። ማንም መኪና፣ ምንም ቢሆን፣ ብቻውን አይቀርም። ፒካፑ ላይ የተጫኑት የውሃ ጀሪካኖች ደግሞ መጠባበቂያ ናቸው፤ እኔ ሳልፈቅድ የነካቸው ሰው ከእኔ ጋር ይጣላል።

«ራኮ ህንቀቡ» አሉ የመምህሩ አጎት፤ ችግር የለም ማለታቸው ነው። የሽማግሌዎቹ አለቃ እሳቸው ናቸው፤ ከበደሳ የመጡ፣ ጢማቸውን በሂና ያቀሉ ደግ ሰው። ምን ያደርጋል፣ ስናገር አንድ ጊዜም ቀና ብለው አላዩኝም። ሐሳባቸው ሁሉ ጫቱ ላይ ነበር። ጎህ ሲቀድ አስለቅመው፣ ዙርባ ዙርባውን፣ ማለትም እስር እስሩን፣ በሙዝ ቅጠል ጠቅልለው፣ በማዳበሪያ ከረጢት አድርገው እንደ አራስ ልጅ ታቅፈው መጥተዋል። በእኛ አገር ያለ ጫት ልጅ አይጠየቅም። የጠወለገ ጫት ይዞ ከመሄድማ መቅረት ይሻላል።

ወረድን። ሚኤሶን አልፈን ከአስፋልቱ ስንወጣ የጎማ ንፋስ አስቀነስኩ። ሙቀቱ መጣ፤ ያ ሙቀት መስኮት ቢከፍቱለትም ቢዘጉበትም አይሄድም። ግን ጉዟችን ያምር ነበር! ፒካፑ መሐል፣ ሁለቱ ላንድክሩዘሮች ፊትና ኋላ፣ ሁሉም መብራቱን አብርቶ። ከአቧራው ለመራቅ ይራራቃሉ፣ ስፖኪዮ ላይ ግን አይጠፉም። እኔም ከፊተኛው መኪና አንገቴን አውጥቼ እያየኋቸው በኩራት ልፈነዳ ደረስኩ። በቆምን ቁጥር አጎትየው ከፒካፑ ወርደው ከኋላ ይወጣሉ። «ጫቱን ሊስሙት ነው» እያልን እንስቅባቸዋለን።

እኩለ ቀን ካለፈ በኋላ ፒካፑ ቆመ። ሞተሩ ግሎ ጭሱ ይትጎለጎላል። «ሳይበርድ ክዳኑን እንዳትነካ!» ብዬ ሹፌሩ ላይ ጮህኩበትና ውሃ ላወርድ ከኋላ ወጣሁ። የመጀመሪያውን ጀሪካን ሳነሳው ከቅለቱ የተነሳ ወደ ኋላዬ ልወድቅ ነበር። ሁለተኛውም ባዶ። ሦስተኛውም! ከጎኑ ያለው የጫት ከረጢት ግን ጠብ ጠብ ይላል።

«ማነው ይሄን ውሃ የጠጣው?»

«እኔ? ወላሂ አፌ ላይ አላደረግኩትም!» አሉ አጎትየው ከልባቸው ተቆጥተው። «ጫቱ ነው የተጠማው። በዚህ ፀሐይ ዝም ብዬ ልየው?»

ወይ ጉድ! ደሜ ፈላ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ አባቴ በሚሆኑ ሰው ላይ እንደዚያ ጮኼ አላውቅም። «ሰው ቢሞትስ አባባ? ጫቱን ልናጎርሰው ነው?» አልኳቸው። ከረጢታቸውን አቀፉ።

የቀረን የየሰዉ የላስቲክ ውሃ ነበር። ከእሱ አንዲት ጠብታ ለራዲያተር አላስነካም አልኩ፤ ሰው ይቀድማላ። ሹፌሩ፣ «እኔ ከፒካፑ ጋር ልቅር፣ እናንተ ሂዱ» አለ። መምህሩ ሰዓቱን አየ። አባትየው የቀጠሩን ከሰዓት በኋላ ካለው የአስር ሶላት በፊት ነበር።

«ሲስተር፣ እየጎተትን ከሄድን አንደርስም። ካልደረስን አጣኋት እኮ።»

ልጅቷን አሰብኳት፣ እሱንም አየሁት። ግን ሰው በዚያ ፀሐይ ብቻውን ትቶ መሄድ? «ማንም አይቀርም» አልኩ። «ገመዱን አምጡ።»

ፒካፑን በፊተኛው ላንድክሩዘር አስረን ተንፏቀቅን። አሸዋው ሲይዘን እየወረድን እንገፋለን፣ በአካፋ እንዝቃለን። የሽማግሌዎቹ ነጭ ልብስ ሁሉ አፈር ሆነ። መምህሩ ከሁሉም በላይ ይገፋል። እኔም ብደርስ ምን እላለሁ፣ ባልደርስስ ምን እለዋለሁ እያልኩ ስጨነቅ ነበር።

ስንደርስ ሶላቱ አልቆ፣ የተጠሩት ጎረቤቶች ሊበተኑ ጫማቸውን እያደረጉ ነው። የልጅቷ አባት ረጅም፣ ቀጭን ሰው ናቸው፤ በር ላይ ቆመው መጀመሪያ ገመዱን፣ ቀጥሎ የተጎተተውን ፒካፕ፣ ከዚያ እኛን አዩ። ሰላም አላሉንም። ቀጥ ብለው ወደ አጎትየው ሄደው ከረጢቱን ተቀበሉና የሙዝ ቅጠሉን ገለጥ አደረጉት። ጫቱ አሁን የተቀጠፈ ይመስላል። ከዚያ የተሰነጣጠቀ ከንፈራችንን አዩት።

«ጫቱ ከእናንተ ይልቅ በደህና ደርሷል» አሉ በኦሮምኛ። «እንዴት ነው ነገሩ?»

አጎትየው አንድም ነገር አልደበቁም። ውሃውን እንዴት እንዳጠጡት፣ ሞተሩ እንዴት እንደጋለ፣ እኔ እንዴት እንደጮኽኩ ሁሉንም ተናገሩ። ይባስ ብለው ድምፄን አቅጥነው፣ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው፣ «ጫቱን ልናጎርሰው ነው?» ብለው እኔን ሆኑ። መግቢያ አጣሁ!

ያን ጊዜ ከቤቱ ውስጥ ሳቅ ፈነዳ። አንዲት ሴት ልትይዘው ሞክራ ያመለጣት ሳቅ ነበር። አባትየው ዞር አሉ። መጋረጃው ጀርባ ሳቁ ታፍኖ፣ ደግሞ አመለጠ። ሰውየው ወደ መጋረጃው አንድ እርምጃ ተጠጉ።

«ይሄን ሳቅ ከሰማሁት ቆየሁ» አሉ። ከጫቱ አንድ ዘለላ መዘው ደጃፉ ላይ የተነጠፈው ምንጣፍ ላይ ቁጭ አሉ። «ኑ ተቀመጡ። ዱዓ አድርጉ።»

ዱዓ ተደረገ ማለት ልጅቷ ተሰጠች ማለት ነው። መምህሩ አጎቱ ላይ ተጠመጠመ። እኔ ገመዱን ልፈታ ጎንበስ ብዬ ነበር፤ እዚያው አሸዋው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። አጎትየው መጥተው ከጎኔ ተቀመጡና ዓይኔን አዩት።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ» አሉኝ፣ «ውሃ የለንም እኮ፤ አታባክኚ።»