ደረቁ ምድር ቤት

ባሌ ግዛው ሰው ቤት ሲገባ ከሰላምታው በፊት ግድግዳ ያንኳኳል። አዲስ አበባ ሳለ ልስን ሠራተኛ ነበር፤ እዚህ ዙሪክ ደግሞ ቧንቧ ፈንድቶ ውሃ የገባበትን ቤት የሚያደርቅ ድርጅት ውስጥ ሲሠራ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ከኮቱ ኪስ የማይለያት መለኪያ አለችው። ግድግዳ ላይ ሲያስጠጋት ደረቅ ከሆነ አረንጓዴ፣ እርጥብ ከሆነ ቀይ ትበራለች። የሰው ቤት ሲያደርቅ ኖሮ፣ እኛ ግን እስከ ዛሬ ረገንስዶርፍ አራተኛ ፎቅ ላይ በኪራይ ነን። ይህ ከፍቶኝ አያውቅም ነበር። የማያውቁት አገር አይናፍቅም።

የከፋኝ አምላኩ ቤት ሊገዛ ነው የተባለ ቀን ነው።

አምላኩን ለወግ ያበቃው ግዛው ነው። ልጁ ጄኔቭ፣ ለዛቫንሼ በሚባል ሰፈር፣ አጎቱ ዘንድ ኖሮ ፈረንሳይኛውን ብቻ ይዞ ሲመጣ ዙሪክ ባቡር ጣቢያ ወጥቶ የተቀበለው፣ ሦስት ወር ሳሎናችን ያስተኛው፣ ወደ ጸሎት ቤታችን ያመጣው እሱ ነው። ያ ልጅ አውቶቡስ ነጂ ሆነ፤ ቪንተርቱር ሆስፒታል የምትሠራውን ነርሷን ፀደንያን አገባ፤ ሁለት ወለዱ። አሁን ደግሞ ከቪንተርቱር ወጣ ብላ ባለች መንደር ባለቤቱ የከሰረበት ቤት በሐራጅ ሊሸጥ ነው፣ ዋጋውም እንደኛ ላለ ሰው የሚደፈር ነው ብሎ መጣ።

የሐራጅ ቤት እንዳለ ነው የሚሸጠው። ከገዙ በኋላ ጣሪያው አፈሰሰ፣ ምድር ቤቱ ሻገተ ብሎ አቤቱታ የለም። ስለዚህ ፈረንጁ አስቀድሞ ከፍሎ ባለሙያ ያስመረምራል። የእኛ ሰው ግን ግዛው እያለ ባዳ ቢያስመረምር ግዛውን የናቀው ይመስለዋል። አምላኩም «ጋሼ፣ አንተ ያልከኝን ነው የማደርገው» አለው።

ቅዳሜ፣ በመጀመሪያው የመታያ ቀን፣ አራታችን ሄድን። ጓሮው ውስጥ የፕሪም ዛፍ አለ። የወጥ ቤቱ መስኮት ወደ ዛፉ ያያል። እኔ ቀናሁ፤ ሌላ ስም አልሰጠውም። ፀደንያ ክንዴን ይዛ አንድ ትንሽ ክፍል አሳየችኝና «እትዬ ሐረግ፣ ይቺ ለእናንተ ናት፤ ስትመጡ የምታድሩባት» አለችኝ። ትናንት ሳሎናችን ወለል ላይ የተኛ ልጅ ዛሬ ማደሪያ ሲመርጥልኝ! ከአንገት በላይ ሳቅሁላት።

ግዛው ክፍል በክፍል ለካ። አረንጓዴ። ጣሪያው ሥር፣ መታጠቢያ ቤቱ፣ አረንጓዴ። በመጨረሻ ኬለር ወደሚሉት ምድር ቤት ወረድን። መብራቱ ተቆርጧልና በስልኬ እያበራሁለት ተንበርክኮ አራቱንም ማዕዘን ለካ። አራቱም አረንጓዴ። አይቻለሁ። ተነሣ፣ ጉልበቱን አራገፈና ደረጃው ላይ ቆሞ የሚጠብቀውን አምላኩን ቀና ብሎ አየው።

«ይቅርብህ፤ ይሄ ኬለር ውሃ አለው» አለው።

አምላኩ መለኪያዋን ልያት እንኳን አላለም። «አንተ ካልክ በቃ» አለ። ፀደንያ ፊቷን አዞረች።

እኔ ዝም አልኩ። ዝም ማለት ብቻ አይደለም፣ ደስ አለኝ። በባቡር ስንመለስ እሱ በመስኮት የሚያልፉትን ቤቶች ሲቆጥር እኔ እሱን አያለሁ።

በማግስቱ እሑድ፣ የምስክርነት ሰዓት ሲደርስ፣ አምላኩ ማይክ ያዘ። «ጌታ ይባረክ፤ ቤተሰቤን ከወጥመድ አውጥቷል፤ የተጠቀመውም በወንድም ግዛው ነው» አለ። ጉባኤው እልል አለ። ከኋላ የተቀመጡት የግዛውን ትከሻ መታ መታ አደረጉት። ግዛው ተነሣ።

«ግድግዳው ደረቅ ነው» አለ። ማንም አልገባውም። «ቤቱ ምንም የለበትም። ቀንቼ ነው።»

የመለሰችለት ፀደንያ ናት፤ ከወንበሯም አልተነሣች። «ጋሼ፣ ትናንት እርጥብ ነው ስትለን አመንንህ። ዛሬ ደረቅ ነው አልክ። ዛሬስ ላለመቅናትህ ማን ዋስ ይሆናል?»

ዋሱ እኔ ነበርኩ። አረንጓዴውን እኔም አይቻለሁ ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። አልወጣኝም። ያንን ካልኩ ለምን ቅዳሜውን ዝም አልሽ መባሌ አይቀርማ። ግዛው ጎኑ የተቀመጥኩትን እኔን አልጠራም። መለኪያዋን ከኪሱ አውጥቶ ሰጣትና «ራስሽ ለኪው» ብሏት ተቀመጠ።

ማክሰኞ፣ በሁለተኛው የመታያ ቀን፣ ፀደንያ ከጣሪያ እስከ ምድር ቤት በገዛ እጇ ለካች። ሐሙስ ሐራጁን አሸነፉ። መለኪያዋን በፖስታ ነው የላኩለት።

ከሁለት ወር በኋላ ግን ለቤቱ ጸሎት ጠሩን። በእኛ ልማድ አዲስ ቤት ሲገባ ክፍሎቹ ለእንግዶች ይታደላሉ፤ እያንዳንዱ በደረሰው ክፍል ገብቶ ይጸልያል። የምታድለው ፀደንያ ነበረች። ሳሎኑን ለመጋቢው፣ የልጆቹን ክፍል ለመዘምራኑ፣ ያቺን ትንሽ ክፍል ለሌላ ሰው ሰጠች። ምድር ቤቱን ለግዛው ሰጠችው። ሰው ሁሉ ሳቁን ዋጠ። ከዚያ ወደ እኔ ዞር አለች።

«እትዬ፣ አንቺም አብረሽው ውረጂ። የዚያን ቀን መብራቱን የያዝሽለት አንቺ ነሽ።»

ወረድን። አሁን መብራት አለው፤ ነጭ ቀለም ተቀብቷል። ግዛው መዳፉን ግድግዳው ላይ አድርጎ ዓይኑን ጨፈነ። ከላይ የልጆቹ ሩጫ ይሰማል። እኔ ጸሎቱ እምቢ አለኝ።

«ደረቅ ነው?» አልኩት።

«ደረቅ ነው» አለኝ።

አሁንም ቀናሁ።