በዘጠኝ ሰዓት በር ማንኳኳት

እናቴ ካረፈች በኋላ የመጣ የመጀመሪያው ሁዳዴ ነበር። ሠላሳ ዓመት ያህል አብረን ጾመናል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም ሳንቀምስ እንቆይና ሽሯችንን ከአንድ ትሪ እንበላለን። አሁን እሷ የለችም። እኔም ስኳር ተገኝቶብኝ ሐኪሙ፣ "መድኃኒቱ በባዶ ሆድ አይወሰድም፣ ቁርስ ግዴታ ነው" ብሎኛል።

የጾሙ መጀመሪያ ሰኞ ጠዋት አያት ኮንዶሚኒየም፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ዳቦና ሻይ ይዤ ተቀመጥኩ። የሰረቅኩ መሰለኝ። ለንስሐ አባቴ ደወልኩ።

"አባ፣ ዘንድሮ መጾም አልቻልኩም።"

"ሕመምተኛ አይገደድም ልጄ። አንደበትሽን ጹሚ። ሰው አትሚ፣ ክፉ አትናገሪ።"

ቀለል አለኝ። ሳምንቱ ሲያልቅ ግን ለማን ምን እንደተናገርኩ አሰብኩት። ቤቴ ሆኜ ሰነድ እተረጉማለሁ፤ ሥራው በኢሜይል ይመጣል፣ በኢሜይል ይሄዳል። ለታክሲው ረዳት "ወራጅ አለ" ብያለሁ። ለጥበቃው "እንደምን አደሩ"፣ ለባለሱቁ "ሁለት ዳቦ"። ሌላ የለም። የማማው ቀርቶ የማወራው ሰው አልነበረኝም። አንደበቴማ ከቀብሩ ወዲህ ጾሞ ነው የከረመው።

ዝምታ ለእኔ ጾም አይሆንም፤ የሚከብደኝ ሰው ደጅ ሄዶ መቆም ነው። ልጅ ሆኜም ሰው ቤት የምትልከኝ እናቴ ነበረች፣ በግድ። እናም ሌላው ጾመኛ ለምሳ በሚቀመጥበት በዘጠኝ ሰዓት፣ በየቀኑ አንድ በር አንኳኩቼ ሰላም ልል ወሰንኩ። ለማንም አልተናገርኩም።

ፊት ለፊቴ ካለው ቤት ጀመርኩ። ሁለት ዓመት ጎረቤት ሆነን ማታ ማታ ሲዘምሩ ከመስማት በቀር አላውቃቸውም። እጄን ሁለት ጊዜ አንስቼ መለስኩት። በሦስተኛው አንኳኳሁ። ሕፃን ያዘለች ወጣት ሴት ከፈተች።

"ልጆቹ ረበሹዎት እንዴ? በጣም ይቅርታ!"

"ኧረ የለም። ሰላም ልልሽ ነው።"

ከላይ እስከ ታች አየችኝ። "ደህና ነዎት ግን?"

"ደህና ነኝ። እንዲሁ ነው የመጣሁት።"

ፊቷ ተለወጠ። "እናትዎ ያረፉ ጊዜ ድንኳኑ ድረስ መጥቼ ነበር። የማውቀው ሰው ስላጣሁ ፈርቼ ተመለስኩ" አለችኝ። "ይግቡ። ጾመኛ ነዎት አይደል? እኛ ጴንጤዎች ነን፣ ሁዳዴን አንጾምም፤ ምን ላቅርብልዎት?"

"እኔም ዘንድሮ አልጾምኩም" አልኳት። ጮክ ብዬ ስለው ዕንባዬ መጣ። እሷም ሕፃኑን ከጀርባዋ አውርዳ አሳቀፈችኝና ወንበር ሳበችልኝ።

ሁሉም በር እንዲህ አልነበረም። አራተኛ ፎቅ ያለው ሰውዬ ሳይከፍት፣ "ስብሰባ ከሆነ አልመጣም!" አለኝ። አንዷ ስልኳን ጆሮዋ ላይ እንደያዘች በእጇ ሸኘችኝ። እኩለ ጾም ላይ ሦስት ቀን ሙሉ አልወጣሁም፤ ተኝቼ ዋልኩ። ንስሐ አባቴ ያኔ ደውለው፣ "ጾሙ እንዴት ይዞሻል?" አሉኝ።

"ከበደኝ አባ።"

"ታዲያ ጾም አይደል?" አሉ። ምን እየሠራሁ እንደሆነ አያውቁም፤ እኔም አልነገርኳቸውም። በማግስቱ ግን ወጣሁ።

ለፋሲካ ጎረቤቴ ልጆቿን ይዛ ወላጆቿ ዘንድ ወደ ሶዶ ሄደች። ስትወጣ ቁልፏን ሰጠችኝ። "አበቦቹን ውሃ ያጠጡልኝ፣ እባክዎት።"

የፋሲካ ዕለት ዶሮዬን ብቻዬን በላሁ። ለአንድ ሰው ዶሮ መሥራት ምን ያህል እንደሚያስጠላ ያን ቀን ነው ያወቅኩት። ከሰዓት ሄጄ አበቦቹን አጠጣሁ። ሶፋው ሥር አንድ የልጅ ካልሲ ወድቋል፣ ግድግዳው ላይ በእስክሪብቶ መኪና ተስሏል። ሥራዬ አልቆ ነበር፤ ግን ሶፋው ላይ ተቀመጥኩ። ያም ቤት ጭር ብሏል፣ ሆኖም ነገ ከነገ ወዲያ የሚመለሱበት ሰዎች አሉት። ፀሐይዋ ከመስኮቱ እስክትሸሽ ድረስ እዚያው ቆየሁና ቆልፌ ወጣሁ።