ሃያኛው ሰው በሙቅ ውሃ እንዲታጠብ

በሠፈሩ ሰው ሁሉ አንደበት «ጋሽ በርሜል» እየተባለ የሚጠራው በያጅ፣ በሠላሳ አንድ ዓመት የሥራ ዘመኑ ስንት የውሃ ታንከር እንደ ሠራ ራሱም አያውቀውም። ቅጽል ስሙን ያወጡለት የሥራ ባልደረቦቹ ናቸው። ሚስቱ ግን ስሙ ከእጁ ሥራ ሳይሆን ከወገቡ ስፋት የመጣ ነው ብላ ትከራከራለች። እርሱም ይህን በሰማ ቁጥር፣ «የሚጮኸው ባዶ በርሜል ነው፤ እኔ ዝም የምለው ሙሉ ስለሆንኩ ነው» ይላል።

ከሁለት ዓመት በፊት ለአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ቤት ትልቅ የሙቅ ውሃ ታንከር ሠርቶ ነበር። በጣራው ላይ ያሉት የፀሐይ ማሞቂያዎች ቀን ሲያሞቁት የዋለው ውሃ በታንከሩ ውስጥ ያድራል፤ በማለዳም ሃያ አረጋውያን በተራ ይታጠቡበታል። አሳቡ መልካም ነበር። ነገር ግን ስምንተኛው ሰው ታጥቦ ሲወጣ ውሃው ለብ ይላል፤ የቀሩት እየተንቀጠቀጡ ይታጠባሉ። የቤቱ ኃላፊ የሆነችው ነርስ አንድ ቀን አስጠራችው።

«ጋሼ፣ እርስዎን ማስቀየም አልፈልግም» አለችው። «ግን አስተዳደሩ ወስኗል። እስከ ወሩ መጨረሻ ካልተስተካከለ የእርስዎ ታንከር ይወጣና በናፍጣ የሚሠራ ማሞቂያ ይገባል።»

«ያፈሳል እንዴ ሲስተር?»

«አያፈስም።»

«ዝጓል?»

«አልዛገም። ሰዎቼን ነው የበረዳቸው።»

ይህ ቃል ከስድብ ይልቅ አጥንቱን ሰበረው። እጁ ያወጣው ሥራ ሽማግሌ ሲያንቀጠቅጥ መኖሩን እንደ ዕዳ ቆጠረው።

ፈጣሪ ለውሃ ሥርዓት ሠርቶለታል፤ የሞቀው ቀሎ ከላይ፣ የቀዘቀዘው ከብዶ ከታች ይቀመጣል። ሁለቱ በየሥፍራቸው ቢጸኑ ኖሮ ሃያውም ሰው በሙቅ ውሃ በታጠበ ነበር። ጋሽ በርሜል ሥርዓቱን የሚያፈርሰውን ጠረጠረ። ሙቁ ከታንከሩ አናት ሲቀዳ፣ በእግሩ በኩል የሚተካው ቀዝቃዛ ውሃ እንደ ወንጭፍ ድንጋይ እየተወረወረ ሁሉንም ያማስለዋል። በመግቢያው ላይ የተበሳሳ ክብ ላሜራ ቢበየድ ጉልበቱ ይሰበር ይሆናል። ነገር ግን ይህን ለማድረግ ታንከሩን መቁረጥ ግድ ነው፤ ግምቱ ስሕተት ከሆነ ደግሞ ሁለተኛ ዕድል የሚሰጠው የለም።

መንገዱን ያገኘችው ሚስቱ ናት። ሃያ ስድስት ዓመት በመሥሪያ ቤት ጸሐፊነት አገልግላ ጡረታ ከወጣች ወዲህ ጣቶቿ ሥራ ፈትተው ኮምፒውተሯን ሲጎረጉሩ ይውላሉ። የውሃን ፍሰትና ሙቀት አስመስሎ የሚያሳይ፣ ማንም ሳይከፍል የሚወስደው፣ ውስጡም ለሁሉ ክፍት የሆነ ፕሮግራም እንዳለ አንብባ ነገረችው።

«በነጻ?» አለ። «በነጻ የሚሰጥ ነገር ወይ ተበላሽቷል ወይ ያበላሻል።»

«ፀሐይዋን በስንት ገዝተሃት ነው ውሃ የምታሞቅባት?»

በርሜሉ ወንበር ስቦ ከጎኗ ተቀመጠ።

እርሱ ልኩን ሊናገር፣ እርሷ ልትጽፍ ተስማሙ። በዚህ ሥራ የቀደሙት ለጀማሪ እንደሚመክሩት ከባዶ አልተነሡም፤ ከፕሮግራሙ ጋር አብሮ የሚመጣ አንድ የተሠራ ምሳሌ ገልብጠው፣ በሌላው ሰው ዕቃ ፈንታ የራሳቸውን ታንከር አስገቡ። ፕሮግራሙ ታንከሩን በብዙ ሺህ ጥቃቅን ክፍሎች ይሸነሽነዋል፤ የእያንዳንዷንም ክፍል ሙቀትና ፍጥነት ከጎረቤቶቿ ጋር እያመዛዘነ ያሰላል። በመጀመሪያው ቀን ግን አልንቀሳቀስም አለ። ምክንያቱን ሲፈልጉ ዋሉ፤ በመጨረሻም ጸሐፊዋ በአንድ መስመር ጫፍ ላይ የዘለለቻት ምልክት ተገኘች።

«ሃያ ስድስት ዓመት አንዲት ነጥብ ዘልዬ አላውቅም» አለች ፊቷ ቀልቶ።

«አለቆችሽ ስለማያነቡት ነው» አላት ባሏ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ስሌቱ ተፈጸመ። በኮምፒውተሩ ላይ ሙቁ ቀይ፣ ቀዝቃዛው ሰማያዊ ሆኖ ታየ። ላሜራ የሌለው ታንከር ግማሹ ሲቀዳ በረደ፤ ላሜራ ያለውም ግማሹ ሲቀዳ በረደ። በመካከላቸው የስንዴ ቅንጣት የምታህል ልዩነት አልነበረም።

ጋሽ በርሜል መነጽሩን አወለቀ። «በቃ፤ ሰኞ ሄጄ ናፍጣውን አስገቢ እላታለሁ።»

ሚስቱ ዓይኗን ከሥዕሉ አላነሣችም።

«አንተ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ይሄ ታንከር ለምን ተኛ?»

«ታንከር ተኝቶ ነዋ የሚሠራው። ቆሞ እንዴት ይበየዳል?»

«ሲሠራስ ይተኛ። መጦሪያ ቤቱም ውስጥ ተኝቶ ነው ያለው?»

ጋሽ በርሜል መነጽሩን መልሶ አድርጎ ወደ ሥዕሉ ጎንበስ አለ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ታንከርን ያየው በብረት መቀመጫ ላይ ተጋድሞ ነው፤ ሲያልቅ ሌሎች ጭነው ወስደው ያቆሙታል። ስለዚህ ልኩን ሲያስጽፍ ዓይኑ የለመደውን አስጻፈ። ፕሮግራሙም የነገሩትን በየዋህነት ተቀብሎ፣ በተጋደመ ታንከር ውስጥ ውሃውን አሰላ። በተጋደመው ውስጥ ቀዝቃዛው በጎኑ ይነጠፍና ግማሽ ሲደርስ በአናቱ መካከል ያለውን መውጫ ያገኘዋል፤ ላሜራው ቢኖርም ባይኖርም የሚለወጥ ነገር የለም።

እስኪያስለው ሳቀ።

«አቁሚው» አለ እንባውን እየጠረገ። «እባክሽ አቁሚልኝ።»

«ሠላሳ ዓመት ያጋደምከውን በሁለት መስመር አቆምኩልህ።»

የቆመው ታንከር መጀመሪያ ያለ ላሜራ ተሰላ፤ ከስምንተኛው ሰው በኋላ ለብ አለ። ይህ ከእውነተኛው ጋር አንድ ስለሆነ ሁለቱም ተያዩ። በሚያውቁት ነገር እውነቱን የነገራቸውን፣ በማያውቁትም ሊያምኑት ደፈሩ። ከዚያ ላሜራው ገባ። ሰማያዊው ውሃ በታንከሩ ወለል ላይ እንደ ምንጣፍ ተዘረጋ፤ ቀዩንም ሳይረብሽ፣ አረጋዊን ደግፎ እንደሚያነሣ ሰው፣ ቀስ እያለ ወደ ላይ አነሣው።

ሰኞ ታንከሩን ቆረጠ፤ ማክሰኞ ላሜራውን በስቶ በየደ፤ ረቡዕ ውሃው ፀሐይ ሲሞቅ ዋለ። ሐሙስ ማለዳ ባልና ሚስት በመታጠቢያ ቤቱ ደጅ ቆሙ፤ ሲስተርም ቴርሞሜትሯን ይዛ መጣች። ስምንተኛው ሰው ወጣ። ዘጠነኛው ገብቶ ከውስጥ ማንጎራጎር ጀመረ። አሥራ ሁለተኛው፣ አሥራ አምስተኛው አለፉ። ጋሽ በርሜል እየተመላለሰ የታንከሩን ሆድ በመዳፉ ይዳስሳል፤ ከታች ቀዝቃዛ፣ ከላይ ሙቅ፣ ወሰኑም እንደ ተሰመረ ጥርት ያለ ነው።

በመጨረሻ ሃያኛዋ፣ በእርጅናም በቀልድም ቤቱን የሚመሩት እማማ ገቡ።

«ሲስተር» አሉ ከውስጥ። «ይሄ ውሃ ያቃጥላል። ቀዝቃዛ አምጪልኝ፣ ልጄ። እኔ ዶሮ ነኝ እንዴ የምገሸለጠው?»

ሲስተር ቴርሞሜትሯን ኪሷ ከተተች።

«የናፍጣውን ነገር ዛሬውኑ አሰርዘዋለሁ» አለች። «ባልዲው ግን ያውልዎት፣ ጋሼ። ያቃጠሏቸው እርስዎ ነዎት።»

ጋሽ በርሜል በልቡ ተመስገን ብሎ ባልዲውን አነሣና ቀዝቃዛ ውሃ ሊቀዳ ሄደ።