ጠባቡ ፍሬም

ዓለም ገና፣ ከሚኒባስ ማቆሚያው ጀርባ፣ ሄመን የሰርግ ቪዲዮ የምትሠራባት አንዲት ጠባብ ሱቅ አለች። ሰው የቀረጸውን በኮምፒውተር ትቆርጣለች፣ ትቀጥላለች፣ ዲቪዲ ላይ ታወጣለች። ማንም አላስተማራትም፤ ሙያውን የለቀመችው ከስህተቷ ነው።

አዲስ ሥራ ሲከፈት ፕሮግራሙ መጀመሪያ የፍሬሙን ወርድና ቁመት ይጠይቃል። ሁልጊዜ ቁጥር መጻፍ ሰልችቷት ሁለት ፕሪሴት፣ ማለትም የተዘጋጀ ልክ፣ በስም አስቀምጣለች። «ሰፊ» ጠፍጣፋ ቴሌቪዥን ለገዙት ነው። «ጠባብ» ደግሞ ያ ከኋላው ሆዱ የተነፋው የድሮ ቴሌቪዥን ላላቸው። ከሰፊው ወደ ጠባቡ ሲኬድ ግራና ቀኙ ይቆረጣል፤ ዳር የቆመ ሰው ሰርጉን እንዳልረገጠ ይሆናል።

ታኅሣሥ 2008 ነው፤ አዲስ አበባን ወደ ገበሬው ማሳ በሚያሰፋው ማስተር ፕላን የተነሣ አገር የታመሰበት ወር። የኦቦ ዱቤ ትልቁ ልጅ ሰርግ እጇ ገባ። ጭፈራው ላይ፣ በቀኝ ዳር፣ የሙሽራው ታናሽ ወንድም ሚልኬሳ ሁለት እጁን ከራሱ በላይ አጣምሮ ቆሟል። የተቃውሞ ምልክት ነው። አዎ፣ እጅ! ድንጋይ አልወረወረ፣ ጎማ አላቃጠለ። የአባቱን ማሳ ሳይጠይቁት ካርታ ላይ ቀለም የቀቡት ሰዎች ቢሮአቸው ሞቋቸው ተቀምጠዋል፤ የሚታደነው እጁን ያጣመረው ነው።

በማግስቱ የከተማው ጸጥታ ሠራተኛ ብዙነህ ሱቋ በር ላይ ቆመ።

«ሄሚ፣ የኦቦ ዱቤን ሰርግ ለኔም አንድ ገልብጪልኝ።»

«ጋሽ ብዙነህ! ተጠርተው አልነበር እንዴ?»

«ሥራ ይዞኝ ቀረሁ። ጭፈራው ጉድ ነበር አሉ፤ እነማን እንደጨፈሩ ልይ እንጂ።» ሳቀ። ዓይኑ ግን አልሳቀም።

«ቴሌቪዥንዎ ጠፍጣፋ ነው ሆዳሙ? ልኩ ይለያያል።»

«የቢሮው ሆዳሙ ነው።»

የቢሮው! ለራሱ አልነበረም ማለት ነው።

እሱ እንደሄደ «ጠባብ» የሚለውን ተጫነች። ሚልኬሳ ከነእጁ ጠፋ፤ ክርኑ ብቻ ቀረች። ምስሉን ትንሽ ወደ ቀኝ ገፋ አደረገችው፤ ክርኗም ወጣች። ጭፈራውን ሁለት ጊዜ ከጫፍ እስከ ጫፍ አየች። ንጹሕ ነው። ብዙነህ ጠዋት መጥቶ ዲስኩን ወሰደ።

ከምሳ በኋላ ስልኳ ጮኸ፤ ብዙነህ ነው።

«ሄሚ፣ እጅሽ ይባረክ! ገና መግቢያው ላይ ነን። አበባው መሐል ያለችውን ትንሿን ምስል ማተለቅ ይቻላል?»

መግቢያው! በሠራችው ሰርግ ሁሉ መግቢያው ላይ በአበባ የተከበበች ትንሽ መስኮት አለች፤ ከጭፈራው የተወሰደ ምስል ይሮጥባታል። እሷ ኮምፖዚሽን ናት፣ ለብቻዋ ተሠርታ የገባች ትንሽ ቪዲዮ፣ የራሷ ወርድና ቁመት ያላት፤ «ሰፊ» ተብላ ተሠርታለች። ዋናውን ማጥበብ እሷን አይነካትም። ሄመን ይህን ታውቅ ነበር። መግቢያውን በየሰርጉ ስለምትደጋግመው ማየት ትታ ነበር እንጂ። ሚልኬሳ ከነተጣመረ እጁ፣ በጽጌረዳ ተከቦ፣ ቢሮ ውስጥ እየታየ ነው።

«አ... አይቻልም፤ ዋናውን አጥፍቼዋለሁ።»

«ግድ የለም። ፊቱ ይለያል።»

ዋናውን በእውነት አጠፋችው። ሚልኬሳ ጋ ደወለች፤ አይሠራም። በሩን ሳትቆልፍ ባጃጅ ይዛ ወደ ኦቦ ዱቤ ግቢ በረረች።

ሽማግሌው አጥር ላይ ተደግፈው ቆመዋል።

«አካም ጅርታ፣ ልጄ? ዲስኩን አመጣሽልን?»

«ኦቦ፣ ሚልኬሳ የት ነው?»

«ማሳ ነው። ዛሬ ደግሞ ፈላጊው በዛ።» ወደ ማሳው በከዘራቸው አመለከቱ። አንዲት ነጭ ፒካፕ ገለባው ዳር ቆማለች፤ በሮቿ ሁሉ ተከፍተዋል። «ብዙነህ አሁን መጥቶ ጠየቀኝ። ከሰርጉ መቅረቱ ቆጭቶት ነው ብዬ በእጄ አሳየሁት። ምነው፣ ምን ሆነሻል?»