ያሳለፍኩት ደብዳቤ

ባለፈው ሐሙስ ለንደን አርችዌይ ካለው ቤቴ ወጥቼ አውቶቡስ ስጠብቅ ስልኬ ያለማቋረጥ ይንጫጫ ጀመር። በውጭ አገር የምናስተምር ኢትዮጵያውያን የምንወያይበት የቴሌግራም ቡድን ነው። ጠዋት አንዲት ወጣት ተመራማሪ ስለ መስኖ ጠይቃ ነበር። ቀትር ላይ ጥያቄው ተረስቶ የልጅቷ የአባት ስም፣ የተወለደችበት ክፍለ ሀገርና «ማን እንደላካት» ይመረመር ነበር። መርማሪዎቹ ፕሮፌሰሮች ናቸው። አንዱ «ገና ጡት ያልጣለች» ብሎ ጽፏል፤ ሰባት ሰው ከሥሩ በሳቅ ምልክት አጅቦታል።

አውቶቡሱ ውስጥ እንዳለሁ ቡድኑን የሚያስተዳድረው ወጣት መምህር ደወለልኝ።

«ዶክተር፣ እባክዎን አድሚንነቱን እርስዎ ይውሰዱልኝ። እኔን የሚሰማኝ የለም።»

«አስቤ ልንገርህ» አልኩት። ማሰብ ያስፈለገኝ ሥራው አዲስ ሆኖብኝ አይደለም። አንድ ጊዜ ይዤው ስለማውቀው ነው።

ያኔ የሃያ ስድስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ስቶክዌል ውስጥ ከአንድ የፖርቱጋሎች ዳቦ ቤት በላይ ባለች ጠባብ ክፍል ተከራይቼ የዶክትሬት ትምህርቴን እማር ነበር። ጠዋት ጠዋት የቀረፋና የትኩስ ዳቦ ሽታ በወለሉ ስንጥቅ እየገባ ይቀሰቅሰኛል፤ ዛሬም ቀረፋ ሲሸተኝ የረፈደብኝ ይመስለኛል። በዚያ ዘመን ቴሌግራም የለም። የአገራችንን እርሻ የሚያጠኑ ምሁራን የሚጻጻፉበት የኢሜይል መድረክ ነበር። አንዱ የጻፈው ለሁሉም ይደርሳል፤ ግን መጀመሪያ በአወያዩ እጅ ያልፋል። አወያዩ አንብቦ ወይ ያሳልፈዋል ወይ ለጸሐፊው ይመልሰዋል። ደንቡ አንድ መስመር ነበር፦ ሐሳብን እንጂ ሰውን አትንኩ። የቀድሞው አወያይ ሲሰለቸው ሥራው ለእኔ ተሰጠኝ። ኮራሁ፤ ለእናቴ ሳይቀር ደውዬ ነገርኳት።

ከሚጽፉት ሁሉ የምወደው የአቶ ተፈራን ነበር። አገር ቤት ሳሉ የግብርና ልማት ሠራተኛ ሆነው ዕድሜያቸውን ከገበሬ ጋር ጭቃ ሲረግጡ የኖሩ ሰው ናቸው። ተሰደው ለንደን ከመጡ በኋላ ዋይት ሲቲ አካባቢ በአንድ ትልቅ መደብር በጥበቃነት ይሠሩ ነበር። ዶክትሬት የላቸውም። እንግሊዝኛቸው እዚህም እዚያም ይሰበራል፤ የሚሉት ነገር ግን አይሰበርም።

አንድ ዶክተር ነበር። ስሙን ትቼዋለሁ፤ ልጆቹ እዚሁ ከተማ አሉ። በዚያን ጊዜ አንቱ እለው ነበር፤ ዛሬ ብዕሬ እምቢ ይለኛል። በጥቅምት ወር ላይ የጥናቱን ረቂቅ ለመድረኩ አቀረበ። የመረሬ አገር ገበሬ፣ ያ ሲረጥብ የሚጣበቀውን ጥቁር አፈር የሚያርሰው ማለት ነው፣ ስንዴውን ሳይዘራ እስከ ነሐሴ መጨረሻ የሚያቆየው በልማድ ታስሮ ነው ይላል። አቶ ተፈራ መለሱ። «ልማድ አይደለም። መረሬ ሐምሌ ላይ ውሃ ቋጥሮ ይተኛል። ቸኩሎ የዘራ ሥሩ ይበሰብስበታል። ገበሬው የሚጠብቀው ውሃው እስኪጠነፍፍ ነው። እስቲ ይህን አይታችሁታል ወይ?» ብለው በትሕትና ጠየቁ።

በሳምንቱ አንድ ስብሰባ ላይ ምሳ ስንበላ ዶክተሩ አጠገቤ ተቀመጠ። የመመረቂያ ጽሑፌ ፈታኝ እንዲሆን የተመረጠው እሱ ነበር።

«ይሄ ተፈራ የሚሉት ሰው የት ነው የሚያስተምረው?» አለኝ።

«ኧረ አያስተምሩም! የመደብር ጥበቃ ናቸው» አልኩና ሳቅኩ። ለምን ሳቅኩ? አላውቅም። እሱን ደስ ለማሰኘት ይመስለኛል።

በማግስቱ ደብዳቤው ደረሰኝ። «ይህ መድረክ የምሁራን ነው። የመደብር በር የሚጠብቁ ሰዎች በራቸውን ቢጠብቁ ይሻላል። ጫማ ላይ ጭቃ መያዝ ስለ አፈር ማወቅ አይደለም።» ስለ ውሃው አንድ ቃል የለውም። ወሬውን ያቀበልኩት እኔ እንደሆንኩ ገብቶኛል። «ይመለስ» የሚለው ቁልፍና «ይለፍ» የሚለው ጎን ለጎን ነበሩ። ፈተናዬን አሰብኩ። ይለፍን ጫንኩ።

ከዚያ የመጣው ገማ። አንዱ የአቶ ተፈራን ደብዳቤ የፊደል ግድፈቱን እያረመ መልሶ ለጠፈው። ሌላው የደንብ ልብሳቸው ቀለም ምን እንደሆነ ጠየቀ። ማስተማሪያ መጻሕፍት የጻፉ፣ በየመድረኩ ስለ ጨዋነት የሚሰብኩ ሰዎች ናቸው። እኔም ሁሉንም እያነበብኩ አሳለፍኩ፤ የመጀመሪያውን ካሳለፍኩ ሁለተኛውን በምን አፌ ልመልስ? አቶ ተፈራ በሦስተኛው ቀን አንድ መስመር ጻፉ። «እግዜር ይስጥልኝ። አፈሩ ግን እንዳልኩት ነው።» ከዚያ ስማቸውን ከመድረኩ አስወጡ።

አሥር ቀን ያህል ፊቴን በመስታወት ማየት ቀፈፈኝ። ከዚያ አንድ እሑድ፣ ያ ልብስ የማያርስ ግን አጥንት ውስጥ የሚገባ የለንደን ካፊያ እየወረደ፣ ዋይት ሲቲ ሄድኩ። በሩን ከፍተው ሲያዩኝ አልተገረሙም። ካፖርቴን ተቀብለው ምስር ወጥ በፒታ ዳቦ አቀረቡልኝ።

«ለዶክተሩ ሥራዎን የነገርኳቸው እኔ ነኝ። ደብዳቤውንም ያሳለፍኩት እኔ ነኝ» አልኳቸው ሳልቀምስ።

«አውቃለሁ፣ ልጄ። አንቺ ሳታሳልፊው አይወጣማ። ብይ፣ ይቀዘቅዛል።»

«ይቅር ይበሉኝ።»

ዳቦውን ቆርሰው በእጃቸው ያዙት። «ጥበቃ መሆኔ እውነት ነው፤ ምኑ ያሳፍረኛል? ያንን ሁሉ የተማረ ሰው ጥያቄ ጠየቅኩት። አንድ እንኳ ‘ተሳስተሃል፣ በዚህ በዚህ ምክንያት’ የሚለኝ ጠፋ። አንጀቴን የቆረጠው ይኸው ነው።»

ወደ መድረኩ እንዲመለሱ ለመንኳቸው። በእምቢታ ራሳቸውን ነቀነቁ።

በሚቀጥለው ዓመት የዶክተሩ ጥናት ታተመ። ልማድ የሚለው ጠፍቷል። ገበሬው የሚዘገየው ውሃው እስኪጠነፍፍ መሆኑን «ደርሰንበታል» ይላል። የአቶ ተፈራ ስም በግርጌ ማስታወሻ እንኳ የለም። ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ቆሜ አነበብኩት። ቅጂ አውጥቼ ወሰድኩላቸው። መነጽራቸውን አድርገው እስከ መጨረሻው አነበቡት።

«ትክክል ጽፎታል» አሉ። ወረቀቱን አጠፉት፤ መልሰው ዘረጉት። «አንዲት መስመር እኮ ነበረች። አንዲት መስመር ቢጨምር ምን ይጎድልበት ነበር?»

ድምፃቸው ሲሰበር የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

በማግስቱ የአቶ ተፈራን የጥቅምት ደብዳቤና የታተመውን ገጽ አንድ ላይ አድርጌ፣ ወሬውን ያወጣሁትም ስድቡን ያሳለፍኩትም እኔ መሆኔን ጨምሬ ለመድረኩ ላክሁ። በይፋ የመለሰ የለም። በግል ግን አምስት ሰው ጻፈልኝ፤ ሁሉም «እውነትሽን ነው፣ ግን አርፈሽ ተቀመጪ» ይላሉ። ዶክተሩ ከፈታኝነት ወጣ። ሌላ ፈታኝ እስኪገኝ ምረቃዬ አንድ ዓመት ሊሞላ ትንሽ እስኪቀረው ዘገየ። አወያይነቱንም ተውኩ። አቶ ተፈራ እስኪሞቱ ድረስ እየሄድኩ እጠይቃቸው ነበር፤ ስለ አፈር ግን ዳግመኛ የትም አልጻፉም። ስንት የሚያውቁት ነገር አብሯቸው እንደተቀበረ ሳስብ ይቆጨኛል።

ጨዋ ውይይት ማለት ድሮ የቃላት ጉዳይ ይመስለኝ ነበር። ዶክተሩ እኮ አንድ ጸያፍ ቃል አልጻፈም። ዛሬ አንድ ነገር ብቻ ነው የማየው፤ መልሱ ለተጠየቀው ነው ወይስ ለጠየቀው ሰው? ለሰውየው ከሆነ፣ የቱንም ያህል ቢያምር ቆሻሻ ነው።

ትናንት ለወጣቱ መምህር ደውዬ እሺ አልኩት። ዛሬ ሦስት መልእክት አጠፋሁ፤ አንዱ የረጅም ዘመን ወዳጄ የጻፈው ነበር። ወዲያው ደወለ።

«አንቺ ደግሞ ሳንሱር ጀመርሽ? ሰው ያኮርፍሻል እኮ!»

«ያኩርፈኝ» አልኩት።

ቀላል ቃል ናት። በጊዜዋ ሳልላት ቀረሁ።