ሽቦ ይዤ የዋልኩበት ሠርግ

ባለፈው እሁድ ከሰዓት በኋላ ጋደም ባልኩበት ስልኬ ጮኸ። የመዘምራኑ ልጆች ናቸው። «ጋሼ፣ አዲሱ አምፕሊፋየር በአንድ ጎኑ ብቻ ነው የሚሰማው፤ ትንሽ ብቅ ቢሉልን?» ትንሽ ብቅ ማለት የሚባል ነገር እንደሌለ ሃያ ምናምን ዓመት አይቼዋለሁ። ያም ሆኖ እግሬን እየጎተትኩ ወጣሁና ባጃጅ ያዝኩ። የአሶሳ ፀሐይ ደግሞ እሁድ ነው ብላ አታርፍም።

ዕቃው ትንሽ ነው። በአንድ እጅ ይነሳል፣ እንደ ስልክ ቻርጅ ይደረጋል፣ ግራና ቀኙ የየራሱን ድምፅ ያወጣል። ችግሩም ቀላል ነበር፤ ከኪቦርዱ ከሚመጡት ሁለት ገመዶች አንዱን ማይክራፎን መግቢያው ላይ ሰክተው የማይክራፎኑን ድምፅ ዘግተውታል። ነቅዬ ቦታው ላይ ስሰካው ሠራ። ልጆቹ አጨበጨቡ። እኔ ግን እዚያው ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ፤ መነሳት አቃተኝ። ጉልበቴ ነው አልኳቸው። ጉልበቴ ብቻ አልነበረም።

ወላጆቼ ከወለጋ መጥተው ከባምባሲ ወጣ ብሎ የሚያርሱ ገበሬዎች ነበሩ፤ ኦርቶዶክሶች። እኔ ሞፈሩን ትቼ ከተማ ገባሁና የጴንጤዎቹን ኪቦርድ ያዝኩ። አባቴ አልተቆጡኝም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። «ጣት ማርገብገብ መቼ ሥራ ሆኖ» አሉና ዝም አሉ፤ ዝምታው ሁለት ዓመት ሄደ። የቤተ ክርስቲያናችንን ደጃፍ እንደማይረግጡ አውቃለሁ። ስለዚህ ከእኔ ቀድመው ጴንጤ የሆኑት አጎቴ፣ የአባቴ ወንድም፣ ልጃቸውን ሊድሩ ነው ሲባል፣ ደስ ያለኝ ለእሷ ብቻ አልነበረም። ሠርጉ በዳስ ነው፤ ዳስ ደግሞ የሁሉም ነው። እንዲመጡልኝ በእናቴ በኩል ላክሁባቸው። «እሺ፣ አንድ ቀን እሰማዋለሁ» ብለው መለሱ። አንዲት ቀን ነበር የፈለግሁት፤ ሲሰሙኝ ሥራ መሆኑ ይገባቸዋል ብዬ።

የሠርጉ ወር ሚያዝያ ነው። ፋሲካ አልፎ፣ ማንጎው ከዛፉ ሥር ወድቆ ዝንብ የሚወርረው፣ ዝናቡ ልምጣ አልምጣ እያለ ሰውን በወበቅ የሚቀቅልበት ጊዜ። የቤተ ክርስቲያናችን አምፕሊፋየር አሶሳ ለጥገና ከርሞ በአይሱዙ፣ በማሽላ ጆንያዎች መሃል ተጭኖ ባምባሲ መጣ። ያን ጊዜ ትልቅ ሳጥን ነው፤ መብራት ሲሄድ በባትሪ ድንጋይ ይሠራል፣ ድንጋይ ሲበላ ደግሞ አይጣል ነው። ስንፈታው ከኪቦርዱ የሚያገናኘው ገመድ ከአንገቱ ተቆርጧል። ሠርጉ ነገ ነው።

ገበያ ሮጥኩ። ቴፕና ራዲዮ የሚሸጡ አንድ የበርታ ነጋዴ ነበሩ፤ ዕቃቸውን በርብረው ጥቁር ገመድ አወጡልኝ። «ይሄ ከሱዳን መጣ። ወላሂ፣ ጠንካራ ነው» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ገመዱስ ጠንካራ ነበር። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል፤ እኔም ሳልሞክረው ይዤ ሄድኩ።

በነጋታው ጠዋት ከቀርከሃ በተሠራው ዳስ ውስጥ ሰካሁትና ኪቦርዱን ነካሁ። ድምፁ ከጉድጓድ የሚመጣ ይመስላል፤ ቀጭንና ሩቅ። ድንጋዩን ቀየርኩ። ማዞሪያዎቹን በሙሉ አዟዟርኩ። ገመዱን ገልብጬ ሰካሁት። ተስፋ ቆርጬ የገመዱን መሰኪያ፣ ጃኩን፣ ስነቅለው፣ ገና ግማሹ እንደወጣ፣ ሙሉ ድምፅ ዳሱን ሞላው። መልሼ ስገፋው ጠፋ። ሳብ ሳደርገው መጣ። ኋላ አንድ ጠጋኝ እንዳስረዳኝ፣ ገመዱ የጆሮ ማዳመጫ ዓይነት ነው፤ የግራውንና የቀኙን ድምፅ በአንድ ቀዳዳ ሲያስገባ አንዱ ሌላውን ያጠፋዋል፤ ግማሽ ሲወጣ ግን አንዱ ብቻ ይቀራል። ያን ጊዜ ይህን ማን ያውቃል። እኔ የማውቀው ጃኩ ግማሽ ወጥቶ መቆም እንዳለበት ነው፤ እሱ ደግሞ አልቆምም አለ።

በፕላስተር አሰርኩት፤ ላላ። የቀርከሃ ስንጣሪ ሸጎጥኩበት፤ ተፈናጠረ። በመጨረሻ ጓደኛዬን ገመቹን «እስቲ ያዝልኝ» አልኩት። ገመቹ አብሮኝ ኪቦርድ የሚማር፣ ሦስት መዝሙር ብቻ የሚችል ቀልደኛ ልጅ ነው። ሙሽራዋ ስትገባ መጫወት ጀመርኩ። ገመቹ ሚዜዎቹን ሲያይ እጁ ሸተት አለና ድምፁ እልም አለ፤ ከዚያ ዥዥዥ። ሰው ሳቀ። አጎቴ ጠጋ ብለው «የልጄን ሠርግ መሳቂያ አታድርግብኝ። በደንብ መያዝ የሚችል ማነው?» አሉኝ። እኔ ነኝ አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ? ከገመቹ ጋር ቦታ ተቀያየርን።

አባቴ የደረሱት ልክ ያን ጊዜ ነው። ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ዱላቸውን ተመርኩዘው ገቡና ከፊት ተቀመጡ። አንገታቸውን መዘዝ አድርገው ፈለጉኝ። እኔ ከሳጥኑ ጀርባ ተንበርክኬ ጃኩን በሁለት ጣቴ ይዣለሁ፤ ገመቹ ሦስቱን መዝሙሮች እያገላበጠ ይመታል። ክንዴ ዛለ፣ ጣቴ ደነዘዘ፣ ላቡ ዓይኔ ውስጥ ገባ። ለሙስሊም ጎረቤቶች ለብቻው የታረደው ሲቀርብ፣ የእኛም ወጥ ሲዞር ሽታው ይደርሰኛል፤ ያጎረሰኝ ግን የለም። ቀና ብዬ የአባቴን ፊት ለማየት አልደፈርኩም። እንደዚያ የደከመኝ ቀን አላውቅም፤ ልቤ ነው የደከመው።

ፀሐይዋ ዘወር ስትል አባቴ ተነሡ፤ ቤት ከብት የሚያስገባ የለም። ጃኩን ለቅቄ ልሸኛቸው ወጣሁ። በቀዩ መንገድ ላይ ጎን ለጎን ሄድን። በኦሮምኛ ነው የምናወራው።

«ተንበርክከህ የዋልከው ለምንድን ነው?» አሉኝ።

«ሽቦውን ይዤ ነው፣ አባ።»

«ብትለቀውስ?»

«ይኸው ለቅቄዋለሁ፤ ይስሙት።»

ቆም ብለው አዳመጡ። ከዳሱ የሚመጣው ጭብጨባ ብቻ ነበር።

«ሰው ይዞት የሚውል ዕቃ፣ ዕቃ አይባልም» አሉ። ጥቂት ከሄዱ በኋላ ዞር ብለው «በል፣ እጅህን አሳርፈው» አሉኝና መንገዳቸውን ቀጠሉ።

በሌላ ሠርግ አሰማቸዋለሁ ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ክረምቱ ሲገባ ታመሙ፤ መስከረምን አላዩም። ለቅሶው ላይ፣ ከአባቴ ጋር ደቦ ይወጡ የነበሩ አንድ ሽማግሌ አጠገቤ ተቀመጡ።

«ኪቦርድ የምትመታው አንተ ነህ አይደል?»

«ነኝ።»

«አባትህ ነግሮናል። ‹የወንድሜ ልጅ ሠርግ ላይ ሰማሁት። የኔ ልጅ ሲመታ ሽማግሌው ሳይቀር ተነሥቶ አጨበጨበ› ይል ነበር። ደቦ በወጣን ቁጥር እሱን ነው የሚያወራው።»

አባቴ ውሸት አያውቁም። በሬያቸው የሰው ማሳ ቢገባ ራሳቸው ሄደው የሚናገሩ ሰው ነበሩ። ሽማግሌውን ላርማቸው አፌን ከፈትኩና አለቀስኩ። ሰው ሁሉ ለአባቴ ሞት ብቻ ያለቀስኩ መሰለው።

ባለፈው እሁድ ልጆቹ ከወለሉ ላይ ደግፈው አስነሡኝ። «ጋሼ፣ አንድ መዝሙር ይጫወቱልን» አሉኝ፤ ደክሞኛል ብዬ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ከዚያ ሠርግ ወዲህ አሶሳም፣ ባምባሲም፣ እስከ ጾሬ የስደተኞች ካምፕ ድረስም ሄጄ ተጫውቻለሁ፤ ያመሰገነኝም ብዙ ነው። አባቴ ሰማሁት ያሉትን ያህል አሳምሬ የተጫወትኩበትን ቀን ግን አላስታውስም።