የሰይዳ ሮቃ በጎባ ውርጭ

ጎባ የባሌ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ በነበረችበት ዘመን ሰይዳ የምትባል ጨርቅ ነጋዴ እዚያ ትኖር ነበር። የተወለደችው ቆላ፣ ሶፍ ዑመር አጠገብ ነው። በእናቷ ግቢ አንድ ትልቅ የሮቃ ዛፍ ነበር። የፍሬው ቡናማ ቅርፊት ሲሰበር የሚያጣብቅ፣ ምላስ የሚያኮማትር ኮምጣጣ ሥጋ ይወጣዋል። እናቷ ያንን ውሃ ውስጥ ዘፍዝፋ፣ በእጇ አሽታ፣ በነጠላ አጥልላ ለረመዳን ማፍጠሪያ ታቀርበው ነበር። ትኩሳት የያዘውም ሰው ይጠጣዋል። እናቷ በሞተችበት ዓመት ወይብ ወንዝ ሞልቶ ዛፉን ከነሥሩ ወሰደው። ለሰይዳ የተረፋት አንድ እፍኝ ዘር ብቻ ነበር።

ጎባ ላይ ዘራችው። ከተራራው ጉም በሚወርድበት አገር የቆላ ዛፍ መዝራት እንዴት ያለ ድፍረት ነው! ደግሞ ይበቅልላት ነበር። ብርዱ ሲመጣ ግን ይሞታል። በመጨረሻ የላምባ ቆርቆሮ ውስጥ አንድ ችግኝ ቀረ፤ ሌላ ዘር አልነበራትም።

በዚያ ኅዳር እህቷ ወለደችና ሰይዳ ልታርሳት ወደ ቆላ ወረደች። በበቅሎ መንገድ ለጋው ግንድ ይሰበርብኛል ብላ ስለፈራች ቆርቆሮውን ለጎረቤቷ ለእትዬ ማናልበሽ አደራ ሰጠች።

«ውሃ ብቻ ያጠጡልኝ፣ እትዬ።»

«ፍሬው ምን ዓይነት ነው?»

«ሲያፈራ ያዩታል።»

«ጎባ ላይ? ዕድሜ ይስጠኛ።»

በዚያው ቀን ሲመሽ ማናልበሽ ችግኙን ልታጠጣ ብትሄድ ቅጠሎቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ተጣጥፈዋል። የሰው አደራ ገደልኩ ብላ ደነገጠች። ቆርቆሮውን አቅፋ ጥጆቿ ወደሚያድሩበት ጎጆ አስገባችና እሳት አነደደችለት። ሲነጋ ቅጠሎቹ ተከፈቱ፤ እሳቱ አዳነው አለች። ሲመሽ ደግሞ «ታመመ»። ብርዱ እስኪያልፍ እንዲሁ ስታስታምመው ከረመች።

«አንቺ ሴትዮ፣ ለኔ ወገብ እንኳ እንዲህ አላነደድሽም» አላት ባሏ ገብረወልድ።

«አንተ አደራ አይደለህማ።»

ሰይዳ ስትመለስ ውርጩ የሰፈሩን ጎመን ሳይቀር አቃጥሎት ነበር። ችግኙ ግን ለምለም ነው። ማናልበሽ የበሽታውን ነገር ስትነግራት ሰይዳ በሳቅ ፈረሰች።

«ይተኛል እንጂ አይታመምም፣ እትዬ። ሲመሽ ቅጠሉን ማጠፍ የሮቃ ጠባዩ ነው።»

«እንግዲያ ያንቺዎቹ ለምን ሞቱ?»

ሰይዳ ሳቋን አቆመች። የሷም ችግኞች በየምሽቱ ይታጠፉ ነበር። ተኝተዋል ብላ ደጅ ትታቸው ትገባለች፤ ውርጩም እዚያው ያገኛቸዋል። ጠባዩን የምታውቀው ገደለችው፣ የማታውቀው አዳነችው። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ይደንቀኛል።

ሰይዳ ቆርቆሮውን ከማናልበሽ ጎጆ አላወጣችም። ግንዱ ሲጠነክር በበቅሎ ወደ ቆላ አውርዳ ከወንዙ ራቅ አድርጋ ተከለችው። ብዙ ዓመት ቆይቶ እዚያው የሚኖረው ወንድሟ የመጀመሪያውን ፍሬ በጆንያ ላከላት። ሰይዳ ጆንያውን ሳትፈታ ወደ ማናልበሽ ቤት ይዛው ሄደች።

ማናልበሽ አንዱን ቀርፋ አፏ ከተተች። ፊቷ ተጨማደደ፣ ዓይኗ እንባ አቀረረ።

«ለዚህ ነው ያን ሁሉ እንጨት የፈጀሁት?»

«እንዲህ መኮምጠጡን ቢያውቁ ኖሮ ብርድ ላይ ይተዉት ነበር፣ እትዬ?»

ማናልበሽ ሌላ ፍሬ አነሳች።